የዓርቡ ካሳቫ

ዶክተር ዓምደሚካኤል ዓርብ ቀን ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ሳሚ የለቀቀው ጩኸት የዳሞታን ተራራ ዞሮ በጉኑኖ በኩል ተመልሶ መጣ ቢባል ማጋነን አይደለም። ቢያንስ አሥራ ሁለት ባጃጆች መንገድ ላይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። በዳሞታ ግርጌ ዩኒቨርሲቲ ግን ጩኸቱ ሳያልቅ የደረሰች አንዲት ሴት ነበረች፤ ቢሮዋ ከሟቹ ቢሮ ፊት ለፊት ነውና።

አሳየሽ ዳና ትባላለች። የምርምር ጉዳዮች አስተባባሪ ናት፤ ፕሮፖዛል ተቀብላ ኮድ ትሰጣለች፣ ሪፖርት ያዘገየውን ታሳድዳለች፣ ማህተም ትመታለች። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኬሚስት ነበረች። ነጭ ጋውኗን አውልቃ ቢሮ የገባች ዕለት «አቃታት!» ያላላት መምህር አልነበረም፤ ከኋላዋም «ወረቀት ገልባጯ» ይሏታል። ንዴቷ ደግሞ ሌላ ንዴት ነው። አሳየሽ ስትቆጣ የግቢው ፕሪንተር ወረቀት መንከሱን ትቶ ቀጥ ብሎ ያትማል።

ሟቹ ከወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ተደፍቷል። በስተቀኙ ግማሹ የተበላ የተቀቀለ ካሳቫ፣ አጠገቡ የቃሪያ ዳጣ ተቀምጧል። ዓርብ ዓርብ የጾም ምሳው ይኸው ነበር፤ የምታመጣለትም እሱ በሚመራው የካሳቫ ምርምር ውስጥ የተሳተፈችው የጉኑኖዋ ገበሬ ፋንታዬ ናት። ይህን ግቢው ሁሉ ያውቃል። ሰውየው ከበላ በኋላ መፋቂያ አፉ ውስጥ ሳይሰካ አንድ ገጽ እንደማያነብም ግቢው ሁሉ ያውቃል።

አሳየሽ ጎንበስ ብላ አየች። እግሩ ሥር አንድ መፋቂያ ወድቋል። ጫፉ ንጹሕ ነው፤ ጥርስ የሚባል ነገር አልነካውም። የሟቹ ከንፈር ላይ ግን ሁለት የተላመጡ የእንጨት ስንጥሮች ተጣብቀዋል። ሌላ አንድ ስንጥር በፊቱ በተከፈተው ሪፖርት ገጽ ላይ ወድቋል።

«ማንም እንዳይነካ!» አለች።

ክፍሉ ውስጥ ቀድመዋት የገቡ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሳሚ ግድግዳ ተደግፎ ገና ይጮሃል። የሟቹ የዶክትሬት ተማሪ ሳምራ ፊቷን በእጆቿ ሸፍናለች። የምርምሩ ምክትል መሪ ዶክተር ጌታሁን ነጭ ጋውኑን እንደ ለበሰ ጣቱን ሳህኑ ላይ ቀስሯል።

«ካሳቫው ነው!» አለ። «ካሳቫ ሳያናይድ እንዳለው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቃል። ስንቴ ነገርኩት! ያቺ ሴትዮ ገደለችው!»

ያቺ ሴትዮ በዚያ ሰዓት ዋናው በር ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ትጠብቅ ነበር። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ከሆስፒታል የመጣው ቃል «የሳያናይድ ምልክት አለ» ስለሚል ኢንስፔክተር ኤርካሎ ሌላ ምን ያድርግ? ኤርካሎ መልካም ሰው ነው፤ ችግሩ የተማረ ሰው ፊት ሲቆም ማስታወሻ ደብተሩን የያዘው እጁ የሚያልበው መሆኑ ነው። ያም ሆኖ አሳየሽ ጠረጴዛውን እንዲያሽግ ስትነግረው አሸገ። ከተረፈው ካሳቫ ቁራጭ ቆርጣ፣ በጠርሙስ ከቢጫ ወረቀት ጋር ከድና፣ «ክዳኑ ላይ ይፈርሙ» ስትለው ፈረመ።

«ምንድን ነው ይሄ ወረቀት?»

«የካሳቫ መርማሪዎች መሣሪያ ነው። ሳያናይድ ሲያገኘው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ሰኞ እናየዋለን።»

*

ሰኞ ጠዋት ሶዶ በሙሉ አንድ ወሬ ብቻ ይዛ ነቃች። በገበያው ካሳቫ የነካ እጅ የለም ተባለ፤ ከጉኑኖ የመጡ ሴቶች ጭነታቸውን እንደ ተሸከሙ ተመለሱ፤ ፍየል እንኳ ልጣጩን አሽትታ አለፈች የሚል ምስክር ተገኝቷል። አሳየሽ ይህን ሁሉ ከሚኒባስ ውስጥ እየሰማች፣ ጥርሷን እንደ ወፍጮ እያፋጨች ቢሮዋ ደረሰች። ኢንስፔክተሩ ቀድሟት በር ላይ ቆሟል።

«ወይዘሮ አሳየሽ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ ትወጣለች።»

«ከዚያ በፊት ከእጅዎ ካልወጣች እኔ አሳየሽ አይደለሁም። ጠርሙሱን ይክፈቱ።»

ፊርማው እንዳለ ነበር። ከፈተው። ሦስት ቀን ከካሳቫው ጋር የታሰረው ወረቀት እንደ አደይ አበባ ቢጫ ነው።

«ታዲያ ካሳቫው...»

«ካሳቫው ንጹሕ ነው። ፋንታዬ ጣፋጩን ዝርያ ልጣ፣ ዘፍዝፋ፣ ቀቅላ ነው ያመጣችው። እናቷም አያቷም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አሁን ከሪፖርቱ ገጽ ላይ ያነሱትን ስንጥር ያምጡልኝ።»

ስንጥሩን በትንሽ ጠርሙስ አስገባች፤ ጠብታ አሲድ ጣለችበት፤ ቢጫ ወረቀቱን ከላይ አንጠልጥላ ከደነች። አሥራ አንዱ የላቦራቶሪ ዓመታት ከጣቶቿ አልወጡም ነበር። ሻይ ለመጠጣት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ የጡብ ቀለም ያዘ።

ኤርካሎ ቆቡን አወለቀ። «መፋቂያው ነው!»

«መፋቂያው ነው። መርዝ ጠጥቶ የደረቀ መፋቂያ። ሰውየው ላመጠው፣ ሞተ፤ ከዚያ አንድ ሰው የተላመጠውን አንሥቶ አዲስ መፋቂያ እግሩ ሥር ጣለ። ግን ተቻኩሎ ያልተነካ ጣለ።»

*

መጀመሪያ ሳሚን ጠየቀችው። ሳሚ ሲፈራ የሚቀልድ ሰው ነው።

«አስዬ፣ እኔን ከምታስሪኝ ኦቨኑን እሰሪው። ከእኔ የበለጠ እሱ ያውቃል።»

«ቀልዱን ተው። የሳያናይዱን ቁም ሣጥን ማን ማን ይከፍታል?»

«ሁሉም። ዶክተሩ፣ ዶክተር ጌታሁን፣ ሳምራ፣ እኔ። የመለኪያ ብጥብጥ ስንሠራ እንጠቀምበታለን።»

«ባለፈው ሳምንት በማድረቂያው ኦቨን ማን ሠራ?»

«ሰኞና ማክሰኞ ሳምራ። ረቡዕ እኔ ናሙና ላስገባ ስል ተይዟል። መዝገቡን አየሁ፤ ኮድ አለው። አልነካሁትም።»

«አልከፈትከውም?»

«አንቺው አይደለሽ እንዴ ሕጉን ያወጣሽው? ኮድ የሌለው ነገር ይከፈት፣ ይጣል! ኮድ ያለውን የነካ ከላቦራቶሪ ይታገድ! ባለፈው ወር የቁርስ በቆሎዬን ኦቨን ውስጥ ረስቼ፣ ኮድ የለውም ብለሽ በመስኮት አልወረወርሽውም? በቆሎው ሆሳዕና ነው ያረፈው!»

አሳየሽ አልሳቀችም። የኦቨኑን መዝገብ ይዛ ወጣች።

ሳምራ ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ድምፅዋ ግን በኀዘን ሳይሆን በቁጣ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

«እትዬ አሳየሽ፣ ሰው ሁሉ ከዶክተር ዓምደሚካኤል ጋር ተጣልታ ነበር እያለ ነው። አዎ ተጣልቻለሁ! አንድ ሥራ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።»

«የትኛውን ሥራ?»

ልጅቷ በሩን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዶክተር ጌታሁንን ዱቄት። መራራውን ካሳቫ አንድ ሌሊት ብቻ ዘፍዝፎ ማስፈጨት ይበቃል ብለው ያሳተሙትን። ለትምህርት ቤት ምገባ ሊታደል ነው የተባለውን።»

«ውጤቱስ?»

«ሦስቴም መርዝ ነው። ከተፈቀደው ብዙ እጥፍ። ዶክተር ዓምደሚካኤል ማክሰኞ ነገሯቸው። እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፤ ‹እስከ ሰኞ ጽሑፉን ራስህ አንሣው፤ አለበለዚያ እኔ ደብዳቤ አስገባለሁ› ሲሏቸው ሰምቻለሁ።»

አሳየሽ ትዝ አላት። ዓርብ ጠዋት ሟቹ በኮሪደሩ አቁሟት «ሰኞ አንድ ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ፤ ማህተምሽን አዘጋጂ» ብሏት ነበር። ይኸው ሰኞ ሆነ።

ጌታሁን ከወንበሩ አልተነሣም። ስልኩን እየነካካ ተቀበላት።

«አንቺ ደግሞ ምን ፈለግሽ? ፎርም ነው?»

«ጥቂት ጥያቄ ነበረኝ፣ ዶክተር። ረቡዕ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እንዴ! መርማሪ ሆንሽ? አሳየሽ፣ ሳይንስ አቅቶት የሸሸ ሰው ሳይንስ አይመረምርም። አንቺ ወረቀትሽን ጠብቂ።»

ይህን ሲላት የደም ሥሯ ግንባሯ ላይ እንደ ቢላቴ ወንዝ ተዘረጋ። ከላቦራቶሪ የወጣችበትን ቀን ታውቃለች። አራት መቶ የናሙና ብልቃጦች አንድ ፊርማ ሦስት ወር ሲጠብቁ በፍሪጅ ውስጥ ሻገቱ። ያን ዕለት ሥራ የሚገደለው የት እንደሆነ ገባት፤ የሚገደልበት ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ሸሸች ይሏታል!

«ካሳቫው ነው የገደለው ብለው ያምናሉ?» አለች፣ ድምፅዋን እንደ ምላጭ አቅጥና።

«መቶ በመቶ።»

«አመሰግናለሁ፣ ዶክተር።» ወጣች።

*

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤርካሎ በር ላይ ቆመ፤ ሁለት ፖሊሶች አጠገቡ። ሳምራና ሳሚ ከመስኮቱ ሥር፣ ጌታሁን መሐል ላይ እጁን አጣምሮ። ፋንታዬን ጣቢያው በፒክአፕ አምጥቷት ጥግ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን ያልተፈታ ነጠላዋን ጨብጣ ከመሬት ዓይኗን አላነሣችም።

«በአንድ ሰው ንግግር ልጀምር» አለች አሳየሽ። «ዶክተር ጌታሁን ካሳቫ ነው የገደለው ይላሉ። ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ መራራው ካሳቫ እንኳ ለአንድ ሌሊት ከተዘፈዘፈ ሕፃን ይብላው ይላሉ። የፋንታዬ ካሳቫ ግን ጣፋጩ ነው፤ ያውም ተቀቅሏል። እሱ ሰው ከገደለ የእርስዎ ዱቄት ምን ሊያደርግ ነው? ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው።»

«ንጽጽሩ ሳይንሳዊ አይደለም።»

«እሺ፣ ወደ ሳይንሱ እንግባ። የፋንታዬ ካሳቫ ሦስት ቀን ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል። የመፋቂያው ስንጥር ግን መርዝ ነው። ኢንስፔክተሩ በዓይናቸው አይተዋል። ገዳዩ ዓርብ የካሳቫ ቀን መሆኑን አውቆ የተመረዘውን መፋቂያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለታል። እንግዲህ ጥያቄው፣ መፋቂያ መርዝ አጠጥቶ እንደገና ደረቅ ለማስመሰል ምን ያስፈልጋል? ሳሚ?»

«ኦቨን» አለ ሳሚ፣ ሳይቀልድ።

አሳየሽ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ረቡዕ፣ አሥር ሰዓት። አርባ ዲግሪ፣ ለአሥራ አራት ሰዓት። ካሳቫ በስንት ዲግሪ ነው የምታደርቂው ሳምራ?»

«በመቶ አምስት። ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ። በአርባ ዲግሪ የሚደርቅ ምንም ሥራ በዚህ ቤት የለም። ቀጭን እንጨት ግን በመቶ አምስት ይሰነጠቃል፤ ይጠቁራል፤ ባለቤቱ ያውቅበታል።»

«እና ገዳዩ ሊገድል ሄዶ መዝገብ ሞላ?» ጌታሁን ሳቀ። ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም። «የትኛው ሞኝ ነው?»

«ሞኝ አይደለም። ካልሞላ ሳሚ ይከፍተዋል፤ መፋቂያ አግኝቶም እየሳቀ ለግቢው ሁሉ ያሳያል። ስለዚህ መሙላት ነበረበት። ኮድም መጻፍ ነበረበት። የማንን ኮድ? ከአንድ እስከ ሰባ ያሉት ኮዶች ባለቤት አላቸው፤ ሳሚ በየቀኑ ለየባለቤቱ ደውሎ ‹ናሙናህ ደርቋል› ይላል። ገዳዩ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪው ገና የማያውቀው፣ ግን እውነተኛ የሚመስል ኮድ ነው። የተጻፈውም ሰባ አንድ ነው።»

ሳሚ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ። የማን እንደሆነ ስላላወቅሁ ለማንም አልደወልኩም።»

«ሰባ አንድን ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰጠሁት። ፕሮፖዛሉ ገና አልጸደቀም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ዝርዝሩን ለላቦራቶሪው አላስተላለፍኩም። ለአንድ ሰው ብቻ በስልክ መልእክት ላክሁ።» ስልኳን ለኤርካሎ ሰጠችው። «ጮክ ብለው ያንብቡት።»

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ዶክተር ጌታሁን፣ የፕሮፖዛልዎ ኮድ 71 ነው። አሳየሽ።›»

ሳምራ ዞራ ጌታሁንን አየችው።

«ማንም ሊገምት ይችላል!» አለ ጌታሁን። «ከሰባ በኋላ ሰባ አንድ ይመጣል፤ ይሄ ምርመራ ነው? ወረቀት ነው! በወረቀት ሰው ልትከሱ ነው?»

«ወረቀት እንደምትንቅ አውቃለሁ» አለች አሳየሽ። «እርስዎ» ማለቱን እንደተወችው ሁሉም ሰማ። «ወረቀት ገልባጯ የኦቨን መዝገብ አታነብም ብለህ ነው የጻፍከው። እሺ፣ ወረቀቱን እንተወው። ዓርብ ዕለት ጋውን ለብሰህ ነበር የሮጥከው። ሳምራ ጋውን አልነበራትም። ሳሚ ግድግዳውን ተደግፎ ይጮህ ነበር። የተላመጠው መፋቂያ የሆነ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነው የወጣው። ጋውን ደግሞ ከዚህ ሕንፃ አይወጣም፤ አጣቢዎቹ ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት መጥተው ይወስዳሉ። ይሄም የወረቀት ገልባጯ ሕግ ነው። ኢንስፔክተር፣ ከመስቀያው ላይ ስሙ የተጻፈበትን ያውርዱ።»

ኤርካሎ ጓንት አጥልቆ የቀኝ ኪሱን ገለበጠው። የስፌቱ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ሁለት የእንጨት ክሮች ተይዘዋል። ጠርሙስ ውስጥ ገቡ። ጠብታ ወደቀባቸው። ቢጫው ወረቀት ተንጠለጠለ፤ ክዳኑ ተዘጋ።

ከዚያ ሁሉም ጠርሙሱን እያዩ ቆሙ። ሶዶ ከተፈጠረች ጀምሮ እንደዚያ የረዘመ አምስት ደቂቃ አልታየም። ሳምራ የሳሚን ክንድ ጨብጣለች። ፋንታዬ ምን እንደሚጠበቅ ሳይገባት እሷም ቀና ብላ ጠርሙሱን ታያለች። የወረቀቱ ጫፍ መጀመሪያ ብርቱካን ሆነ። ከዚያ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቀላ። ከዚያ ቡናማ።

ጌታሁን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ፖሊሶቹ ያዙት።

«ስምንት ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ስምንት ዓመት ለፍቼበታለሁ! ለአንድ ግትር ሽማግሌ ብዬ ላፈርሰው ነበር? ማዕረጌን፣ ስሜን? አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ጥለሽ የሄድሽ!»

«ሕፃናት ሊበሉት ነበር» አለች አሳየሽ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር የሚያስፈራው። «ስምንት ዓመት የለፋህበትን ሕፃናት ሊበሉት ነበር፤ እሱ ደግሞ አይበሉም አለ። ገድለኸው ስታበቃ ጥፋቱን በማን ላይ ጣልክ? ጭነቷን ተሸክማ ከጉኑኖ በምትመጣ ሴት ላይ። ውሰዱት፤ ዓይኔ አይየው።»

ወሰዱት። ኮሪደሩን እስኪጨርስ «ወረቀት! ወረቀት!» ሲል ይሰማ ነበር።

*

ኢንስፔክተር ኤርካሎ ወደ ፋንታዬ ቀርቦ ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ። «እትዬ ፋንታዬ፣ ነፃ ነዎት። ይቅርታ እንጠይቃለን። መኪናው ቤትዎ ያደርስዎታል።»

ፋንታዬ ከወንበሯ አልተነሣችም።

«ይቅርታ ምን ያደርጋል?» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «አንተ እኔን ስትይዝ መንገድ ሙሉ ሰው አየ። አሁን ስትለቅ ማን አየ? አራት ሰው!»

«እንነግራለን፣ እትዬ።»

«በአፍ አይሆንም። በአፍ ገዳይ አላችሁኝ፤ በአፍ አይታጠብም። ማቲ፣ ልጄ፣ ትምህርት ቤት የገዳይ ልጅ እየተባለ ነው። የኔን ሚጣ ቦዬ፣ ካሳቫዬን፣ ማን ይገዛል? የጎረቤቴንስ ማን ይገዛል?» ወደ አሳየሽ ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ ማህተም አለሽ አሉ።»

«አለኝ።»

«ጻፊ።»

አሳየሽ ቢሮዋ ሄዳ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች። አንዱ ሟቹ ሊያስገባ የነበረው ነው፤ ዱቄቱ እንዳይታደል፣ ጥናቱም እንዲሰረዝ። ሁለተኛው ከስድስት መስመር አይበልጥም። ሁለቱንም ይዛ ስትመለስ ኢንስፔክተሩ ስድስቱን መስመር አነበበና ጺሙን አሸ።

«ይሄ መጀመሪያ በአዛዡ በኩል ማለፍ አለበት። ነገ ጠዋት ቢሆን...»

«ነገ?» አለች አሳየሽ።

ያችን አንድ ቃል እንዴት እንደተናገረቻት እስከ ሃላሌ ድረስ ይወራል። ኤርካሎ ብዕሩን ከኪሱ አወጣና ግቢው መሐል፣ የፒክአፑ ኮፈን ላይ አስደግፎ ፈረመ። አሳየሽ ከሥሩ ማህተሟን መታች። ተማሪዎች፣ ጥበቃዎች፣ የካፌው ሴቶች፣ በሩ ላይ የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ተሰብስበዋል።

ፋንታዬ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ ማንበብ አትችልም። መልሳ ሰጠቻት። «አንብቢው። ሰው ይስማ።»

አሳየሽ አነበበች። የፋንታዬ ካሳቫ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን፣ ማንንም አለመግደሉን፣ እርሷም ያለ ጥፋቷ ሦስት ቀን መታሰሯን።

«ልጄ፣ እዚያ ጋ አይሰሙም» አለች ፋንታዬ፣ በአገጯ ወደ ባጃጆቹ እያመለከተች። «እንደገና። አሁን በወላይትኛ።»

አሳየሽ ፒክአፑ ላይ ወጣች፤ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።